በካንሰር ምክንያት አንዱ ጡት ከወጣ በኋላ ሌላኛውን ማመጣጠን፦ ታካሚዎች ለምን «ይቅርብኝ» ይላሉ? እኛስ ምን እንበላቸው?

#1 ሲስተር_ሳቢያን (ድሬዳዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ መድረክ ስለ ኬሞና ስለ ጨረር ብዙ ተብሏል፤ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ስለሚቀረው ሰውነት ግን እምብዛም አንነጋገርም። አንዱ ጡት ሙሉ በሙሉ ይወጣል፣ ወይም ዕጢው ብቻ ተወስዶ ከጨረር በኋላ ይኮማተራል፤ ሌላኛው እንደ ነበረ ይቀራል። ልዩነቱን በቀዶ ሕክምና ማጥበብ ይቻላል፦ ጤነኛውን መቀነስ፣ ሰብስቦ ወደ ላይ ማንሳት፣ ወይም በጎደለው በኩል ከሆድና ከጭን የተወሰደ ስብ መሙላት። ይህን ስንነግራቸው ብዙዎቹ «ይቅርብኝ» ይላሉ።

መልሱን ጽፎ ካርዱን መዝጋት ልክ አይመስለኝም፤ ምክንያታቸው አንድ አይደለምና። አንዷ «ጤነኛው ምን አደረገኝና ነው የማስቆርጠው» ብላ ነው። ሌላዋ ቢላ የነካው ካንሰር ይበተናል ሲባል ሰምታለች። ሦስተኛዋን ልዩነቱ ከነጭራሹ አያስጨንቃትም፤ የእሷ ውሳኔ የበሰለ ነው፣ ደግመን ልንጨቀጭቃት አይገባም። አራተኛዋ ግን ትፈልጋለች። «ከሞት ተርፋ ደግሞ መልክ አማራት» እንዳትባል ፈርታ ነው ዝም የምትለው። በድሬ ሙቀት ድሪያ (ስስ ሰፊ ቀሚስ) ለብሶ ልዩነቱን መደበቅ አይቻልም፤ በሻርፕ ደርባ፣ ደረቷን አጉብጣ፣ ከሰርግና ከሐዘን ቤት እየቀረች ትኖራለች።

ጉዳዩን መቼ ነው የምታነሡት? በምን ጥያቄ ነው የምትጀምሩት? ቀዶ ሕክምናውን ለማይፈልጉትስ ምን አዘጋጅታችኋል?

#2 ቀዶ_ሐኪም_ሐረር

ሲስተር፣ መነሣት ያለበት ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና በፊት ነው። ምክንያቱ ቴክኒካዊ ነው። ጡቷ ሳይወጣ ዕጢው ብቻ ሊወሰድላት በሚችል ሴት ላይ፣ የሚነሣው ክፍል ከጡቷ መጠን 20 በመቶ ገደማ ካለፈ ቅርጹ ይበላሻል ተብሎ ይጠበቃል። ጡቷ ትልቅና የወረደ ከሆነ ዕጢውን በጡት መቀነሻ ስልት ማውጣት ይቻላል፤ አቅሙ ባለበት ቦታ ሌላኛው በዚያው ዕለት ይቀነሳል። ይህ ውይይት ከተቆረጠ በኋላ ቢነሣ ያ አማራጭ አልፏል።

እኛ ዘንድ ግን ብዙዎቹ የሚመጡት ዘግይተው ነው። በኬሞ ይጀመራል፣ ጡቱ ሙሉ በሙሉ ይወጣል፣ ጨረር ይከተላል። ያን ጊዜ ማመጣጠኑ ለኋላ ይቆያል። ከመጨረሻው ኬሞ በኋላ ቢያንስ 4 ሳምንት ያህል ቆይቶ የደም ሴሎች ቁጥር መመለሱ መታየት አለበት። ጨረር የነካውን ጎን ለመንካት ከ6 ወር በታች አይታሰብም፤ እኔ አንድ ዓመት እመርጣለሁ። በጨረር የተመታ ቆዳና ሥጋ ለብዙ ወራት መጥበቁንና ማነሡን አያቆምም። ጤነኛውን ቸኩለን ገና ባልረጋ ልክ ብንቀንሰው ልዩነቱ ተመልሶ ይመጣል፣ እሷም ሁለተኛ ጊዜ ሰመመን ውስጥ ትገባለች።

«ይበተናል» የሚለውን ፍርሃት ማቃለል አያስፈልግም፤ መነሻ አለው። ሰፈር ውስጥ የታየው ዘግይታ መጥታ፣ ተቀድዳ፣ በዓመቱ ያረፈች ሴት ናት። በሽታው ቀድሞ አጥንት ወይም ሳንባ ገብቶ እንደ ነበረ ለጎረቤት የነገረ የለም፤ የታየው ቢላው ብቻ ነው። እንዲህ አድርጎ ማስረዳት «ውሸት ነው» ከማለት ይሻላል። ከዚያ ቀጥሎ፦ ጤነኛው ከመቀነሱ በፊት በማሞግራም (በጡት ራጅ)፣ በወጣት ሴት ደግሞ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ ከውስጡ የተነሣው ሥጋ ተመዝኖ፣ የቱ ላይ የቱ ታች እንደ ነበረ በክር ምልክት ተደርጎበት ወደ ፓቶሎጂ (ሥጋው በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ክፍል) ይሄዳል። ጥቂት ጊዜ ምንም ምልክት ያልሰጠ ካንሰር እዚያ ይገኛል። «ጤነኛውን አትንኩት» ለምትል ሴት ይህን ማወቋ ሐሳቧን ሊለውጥ ይችላል፤ ባይለውጥም ልታውቀው ይገባል።

#3 ፊዚዮ_ድሬ

ከመልክ ሌላ የክብደት ነገር አለ። ጡቷ ትልቅ የሆነ ሴት አንዱ ሲወጣ ከግማሽ ኪሎ በላይ፣ አንዳንዴ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ከአንድ ጎን ይቀነሳል። የተቆረጠበት ጎን ትከሻ ወደ ላይና ወደ ፊት ይመጣል፣ የሌላኛው ይወርዳል፣ አንገትና የትከሻ መሐል ጡንቻ ቀኑን ሙሉ ይወጠራል። የሚያመኝ አንገቴ ነው ብላ ወደ ፊዚዮ የተላከችውን ሴት ጡት ማስያዣዋን አውጥታ መስተዋት ፊት አቁሟት፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ወዲያው ይታያል።

ስለዚህ እኔ «እንዴት ትታዪያለሽ» ብዬ አልጀምርም። «ቀኑ ሲመሽ የቱ ትከሻሽ ነው የሚደክምሽ? በየትኛው ጎን ትተኛለሽ? የጡት ማስያዣሽ ማንጠልጠያ የቱን ትከሻ ይቆርጣል?» እላለሁ። በዚህ ሲጀመር ማፈር ይቀራል፤ መልኩን ራሷ ታነሣዋለች።

ክብደቱን መለካት ቀላል ነው። ጎድጓዳ ሳህን አፉ ድረስ ውሃ ሞልታችሁ በሰፊ ሳፋ ውስጥ አስቀምጡ። ጎንበስ ብላ ያለውን ጡት የሳህኑ ጠርዝ ደረቷን እስኪነካ ድረስ ታስገባለች። ወደ ሳፋው የፈሰሰውን ውሃ በግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ስፈሩት። አንድ ሚሊ ሊትር ለአንድ ግራም ይቀርባል። ጡቱ ወደ ብብት የሚዘልቀው ክፍል ስለሚቀር ቁጥሩ ትንሽ ያንሳል፤ ለምንፈልገው ግን ይበቃል።

አንድ ሌላ ነገር፦ ጨረር የሚጠብቃት ሴት ክንዷን ከራሷ በላይ አድርጋ መተኛት አለባት። ማሽኑ ላይ ሲደርሱ ክንድ አልነሣ ብሎ ቀጠሮ ይራዘማል። ከቁስሉ ፈሳሽ የሚያወጣው ቱቦ (ድሬን) እንደ ወጣ ግድግዳ ላይ በጣት መውጣት መጀመር አለባት፣ በየቀኑ ከትናንቱ ምልክት ትንሽ ከፍ እያለች።

#4 ጤና_ኤክስቴንሽን_ገንደቆሬ

ሁሉም ጥሩ ነው፣ ግን አቦ እንነጋገር። ማመጣጠኛ የሚሠራ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ለማግኘት ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ መሄድ ነው። ከድሬ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ፣ ማደሪያ፣ አስታማሚ፣ ለመቆጣጠሪያ ደግሞ መመለስ። ለማታገኘው ነገር ልቧን ማንጠልጠል ጭካኔ አይሆንም?

#5 ኦንኮ_ነርስ_ጀጎል

በ#4 እስማማለሁ። ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል የሚመጡ ሴቶች ኬሞውን ለመጨረስ እንኳ ፍየልና በግ ሸጠው ነው። ተስፋ ሰጥቶ መከልከል ዝም ከማለት ይከፋል ብዬ ነው የማምነው።

#6 ሲስተር_ሳቢያን

እኅቶቼ፣ ዝምታውም ዋጋ አለው። ያልተነገራት ሴት «የሚደረግ ነገር የለም» ብላ ትደመድማለች፣ በማስያዣዋ ውስጥ ካልሲና ጨርቅ ጠቅጥቃ ትኖራለች። አሜሪካ ከ1998 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጡት ማውጣትን የሚከፍል መድን ሌላኛውን የማመጣጠኛ ቀዶ ሕክምናም እንዲከፍል በሕግ ታዟል፤ እዚያ ከካንሰር ሕክምናው እንደ አንድ ክፍል ነው የተያዘው። እኛ ገንዘቡ ባይኖረን እንኳ «ይህ ቅንጦት ነው» የሚለውን ከአፋችን ማውጣት እንችላለን። ደግሞም አዲስ አበባ ሳይኬድ እዚሁ የሚደረግ አለ። ዶክተር፣ ስለ ብብት ሥር ትርፍ ሥጋው ይጻፉልን እስቲ።

#7 ቀዶ_ሐኪም_ሐረር

ትክክል ብለሻል ሲስተር። ጡት ሲወጣ ቁስሉ በአግድም ይዘጋል፤ ወፈር ባሉ ሴቶች በብብት በኩል ያለው ጫፍ ላይ ቆዳና ስብ ተሰብስቦ ወደ ውጭ ይቀራል። ክንድ ባወረደች ቁጥር ያሻሻታል፣ በላብ ይቆስላል፣ ጡት ማስያዣው ከላዩ ላይ ይንሸራተታል። «ሚዛኔ ተዛብቷል» ብለው የሚመጡ ሴቶችን በጣት አመልክቱልኝ ስትሏቸው ብዙዎቹ የሚያሳዩት ደረታቸውን ሳይሆን ይህን ነው። በአካባቢ ማደንዘዣ፣ ተመላላሽ ሆና፣ ማንኛውም ጠቅላላ ቀዶ ሐኪም ሊያነሣው ይችላል። ጨረር ከወሰደች ቆዳው እስኪረጋ ይጠበቅ። የሚሻለው ግን መጀመሪያ ሲዘጋ ሐኪሙ በጀርባዋ ተኝታ ሲያየው ጠፍጣፋ መምሰሉን ብቻ ሳያምን፣ ጫፉን ወደ ጀርባ አራዝሞ ጠፍጣፋ አድርጎ እንዲዘጋው ነው። ይህ ተጨማሪ ወጪ የለውም፤ ተጨማሪ ጊዜ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ስለ ጡት መቀነስ እውነቱን ሙሉ ንገሯቸው። ቀዶው 2 ወይም 3 ሰዓት ይወስዳል። ስፌቱ በጡት ጫፍ ዙሪያ ዞሮ፣ ወደ ታች ወርዶ ከጡት ሥር ባለው እጥፋት ላይ በግራና በቀኝ ይዘረጋል። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ነጥብ ላይ ውጥረቱ ስለሚበዛና ደም ስለሚያንሰው በመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት ውስጥ ትንሽ ሊከፈት ይችላል፤ በማጠብና በመሸፈን ብዙ ጊዜ ራሱ ይድናል። በመጀመሪያው 24 ሰዓት ጡቱ ድንገት ካበጠ፣ ከጠነከረና ሕመሙ ከባሰ ውስጥ ደም እየተጠራቀመ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል። የጡት ጫፍ ስሜት ሊቀንስ ወይም ሊጠፋ ይችላል። የጫፉ ሥጋ መሞት ብርቅ ነው፤ በሚያጨሱና ስኳራቸውን ባልተቆጣጠሩ ሴቶች ግን ያይላል። ሺሻም ሆነ ሲጋራ ቢያንስ 4 ሳምንት ቀድሞ ይቁም። ጫት የልብ ምትና የደም ግፊት ከፍ ስለሚያደርግ ለሰመመን ባለሙያው በግልጽ ይነገር፤ ብዙዎች አፍረው ይደብቁታል። ታሞክሲፌን (የጡት ካንሰር የሆርሞን መድኃኒት) የምትወስድም ታሳውቅ፣ ደም የመርጋት አደጋን ስለሚጨምር፤ በራሷ ግን እንዳታቋርጠው። መውለድ የምታስብ ወጣት ከሆነች የተቀነሰው ጡት ወተቱ ሊያንስ እንደሚችል ከወዲሁ ትስማ።

ስብ መሙላትም አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ አይደለም። ከተሞላው ከ3 እጅ አንድ እጅ እስከ ግማሽ ድረስ ሰውነት መልሶ ይመጠዋል፤ ስለዚህ በ3 ወይም በ6 ወር ልዩነት ይደገማል። ሲመጠጥ ጠጣር እብጠት ሊተው ይችላል። ሴትየዋ ካልተነገራት «ተመልሶ መጣ» ብላ ትደነግጣለች፤ ማሞግራም የሚያነበው ሐኪምም ስብ መሞላቱን በወረቀት ካላወቀ ይሳሳታል።

#8 ሰፊ_መኪና_ግርግር (ሐረር)

ቀዶውን ለማይፈልጉት እኛ ልብስ ሰፊዎቹ አለን። ሥራው ይህን ይመስላል።

መጀመሪያ ጡት ማስያዣውን ነው የምናስተካክለው። ከሥር የሚዞረው መቀነት ሁለት ጣት ብቻ ማስገባት አለበት፤ ከላላ የፈለገ ቢሞላ ወደ ላይ ይወጣል። ሽቦው ይወጣ። ማንጠልጠያው ቀጭን ከሆነ 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው እንቀይረዋለን። ከውስጥ በኩል በስስ ጥጥ ኪስ እንሰፋለን፤ አፉ በብብት በኩል ይሁን፣ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት። አፉ ወደ ላይ ከሆነ ስታጎነብስ መሙያው ይወጣባታል።

መሙያውን ከአቡጀዲ እንሰፋዋለን። ትንሽ አቡጀዲ ቀድሞ ታጥቦ ይተኮስ፤ አለዚያ በመጀመሪያው እጥበት ይጠባል። ቅርጹን የሚሰጠው የትራስ ፋይበር ነው። ፋይበር ብቻውን ግን ቀላል ስለሆነ ማስያዣውን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ክብደት ይፈልጋል። አንዳንዶች ማሽላ ይሞላሉ፤ በላብ ይሸታል፣ ይነቅዛል፣ ማጠብም አይቻልም። የእርሳስ ብረት በፍጹም አይግባ፣ መርዝ ነው።

የተሻለው የልጆች መጫወቻ ብይ ነው። 16 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የመስታወት ብይ 5 ግራም ከትንሽ ይመዝናል፤ 40 ብይ 200 ግራም አለፍ ይላል። ሁለት አቡጀዲ ደርበን በመስመር እንሰፋና ለእያንዳንዱ ብይ የራሱ ትንሽ ኪስ እንሠራለታለን፤ ካልተለያዩ ስትራመድ ይንኳኳሉ። ይህ የብይ ንጣፍ በመሙያው ታችኛው ክፍል ላይ ይገባል፤ በእሱና በደረቷ መካከል ቢያንስ ሁለት ጣት ውፍረት ያለው ፋይበር ይኑር፣ ጠባሳውን እንዳይጫነው። በፊት ለፊት ከተደረገ ወደ ፊት ይጎትታታል። የፊዚዮው ልኬት ካለን ክብደቱን እንመታዋለን፤ ከሌለን በግምት ነው የምንሠራው።

#9 ፊዚዮ_ድሬ

ጋሼ፣ በጣም ጥሩ ጽፈዋል። አንድ ጭማሪ፦ ሙሉ ክብደቱን በመጀመሪያው ቀን አይጫኑባት። ግማሹን በብይ ጀምሮ በየሳምንቱ ጥቂት መጨመር ይሻላል፤ ትከሻዋ ያለ ክብደት መኖርን ለምዷል። ክንዷ ያበጠባት ሴት ከሆነች ሰፊ ማንጠልጠያ ግዴታ ነው።

#10 ሲስተር_ሳቢያን

የመልበሻውን ጊዜ ልጨምር። ከቀዶው በኋላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ድረስ ቀላሉ ፋይበር ብቻ፣ ያለ ብይ። ከባዱም ሆነ ከሱቅ የተገዛ ሲሊኮን ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከዳነ በኋላ ነው። ጨረር ላይ ሳለች ቆዳዋ ከቀላ ወይም ከተላጠ ምንም አትልበስ።

ሲሊኮን ሐረር ላይ ይለበሳል፤ ድሬ ላይ በሚያዝያና በግንቦት ቀትር ከደረት ጋር ይጣበቃል። ለውጭ ሲሊኮን፣ ለቤት ጥጥ ቢሆን ይመረጣል። ማታ በሳሙና ይታጠብ፣ በጥላ ይድረቅ፣ መርፌ ቁልፍ አይነካው። በቀረው ትልቅ ጡት ሥር ያለው እጥፋት ከቀላ፣ ካሳከከና ነጭ ነገር ካሳየ ፈንገስ ነው፦ ማጠብ፣ ተጭኖ ማድረቅ፣ ክሎትሪማዞል የተባለውን የፈንገስ ቅባት ቀጭን አድርጎ መቀባት፣ ስስ ጥጥ ጨርቅ በእጥፋቱ ውስጥ ማስቀመጥ። ይህ በየወሩ የሚመለስባት ሴት ጤነኛውን ለመቀነስ ከመልክ ውጭ ሌላ በቂ ምክንያት አላት፤ ካርዷ ላይ ይጻፍ።

#11 አማካሪ_ከዚራ

ስለ ጥያቄው አጠያየቅ። «ማመጣጠን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ መጀመር አዎ ወይም አይደለም ላይ ይዘጋል፤ ባሏና አማቷ አጠገቧ ካሉ ደግሞ መልሱ አስቀድሞ ይታወቃል። ለብቻዋ አድርጋችሁ ሦስት ነገር ጠይቋት፦ በቤት ውስጥ ከማን ፊት ልብስ መቀየር አቆምሽ? የትኛውን ልብስ መልበስ ተውሽ? ስለ ሌላኛው ጡትሽ ማንም ምንም ነግሮሽ ያውቃል? ከዚያ ሥዕል አሳዩአት፣ የተዋበውን ብቻ ሳይሆን ጠባሳው የሚታየውንም። ሁለቱ ጡቶች መንታ አይሆኑም፤ በልብስ ውስጥ እንዲቀራረቡ ነው የሚሠራው። ይህ ቀድሞ ካልተባለ ጥሩ የተሠራላት ሴት እንኳ ታዝናለች።

ባልን ማራቅ ማለቴ አይደለም፤ በኋላ ይግባ። ብዙ ባሎች ተጠይቀው ስለማያውቁ ነው ዝም የሚሉት፣ እሷ ግን ዝምታውን እንደ ጥላቻ ትቆጥረዋለች። «አላህ የፈጠረውን መቀየር ነው» ወይም «እግዚአብሔር የሰጠኝን» ለምትል ሴት እኛ ፈትዋ አንሰጥም። በሽታ ያጎደለውን ማስተካከልና ለጌጥ መቀየር አንድ እንዳልሆኑ ብዙ ዑለማ እንደሚለዩ ነግረን ወደምታምናቸው ሼኽ ወይም ወደ ነፍስ አባቷ እንልካታለን።

#12 ኦንኮ_ነርስ_ጀጎል

የሐሳቤን ግማሽ ቀይሬያለሁ፤ ጋሼ የጻፉትና የብብት ሥሩ ነገር እዚሁ የሚሠራ ነው። ግን «ሁለቱንም አውጡልኝ፣ እኩል ልሁን፣ ፍርሃቱም ይለቀኝ» የሚሉትን ምን እንበላቸው? ጥቂት አይደሉም።

#13 ቀዶ_ሐኪም_ሐረር

ሁለቱን ፍላጎቶች ለዩላት። እኩል መሆን ከሆነ የፈለገችው፣ ጠፍጣፋ መሆን ሕጋዊ ምርጫ ነው፤ ነገር ግን የቁስል፣ የደም መጠራቀምና የኢንፌክሽን አደጋው በሁለት ጎን ይሆናል፣ የሁለቱም ጫፍ ስሜት ይጠፋል። ፍርሃቱ ከሆነ ደግሞ፣ በዘር የሚተላለፍ ችግር በሌለባት ሴት ጤነኛውን ማውጣት ዕድሜ አያራዝምላትም። ሕይወቷን የሚወስነው የመጀመሪያው ካንሰር ወደ ሌላ አካል መሄድ አለመሄዱ ነው፤ ሆርሞን የሚቀበል ዓይነት ከሆነ የምትውጠው ታሞክሲፌን ሌላኛውን ጡትም ይጠብቃል። እናቷ ወይም እኅቷ በወጣትነት በጡት ወይም በእንቁላል ዕጢ ካንሰር የታመመች ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፣ ለብቻ መታየት አለበት። ገና ኬሞ ላይ ያለችን ሴት ይህን አታስወስኗት። ሕክምናው አልቆ ጥቂት ወራት ሲያልፉ ደግማችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ይለወጣል።

#14 ጤና_ኤክስቴንሽን_ገንደቆሬ

እሺ፣ ከእኔ ጋር ያለችው ሴት ፈልጋለች እንበል። ሪፈሩ ላይ ምን ይጻፍ? ባዶ ወረቀት ይዘው ሄደው ሲመለሱ ነው የምናየው።

#15 ቀዶ_ሐኪም_ሐረር

መጀመሪያ ስልክ ይደወል። አዲስ አበባ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል በቃጠሎና በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ይታወቃል፤ ጥቁር አንበሳም አለ። ይህን ዓይነት ታካሚ በየትኛው ቀን እንደሚያዩ ሳይጠየቅ ማንም መንገድ አይጀምር።

ወረቀቱ ላይ፦ የመጀመሪያው ቀዶ ዓይነትና ቀን፣ የፓቶሎጂ ውጤቱ ቅጂ ከሆርሞን ምርመራው ጋር፣ የመጨረሻው ኬሞ ቀን፣ ጨረር ከወሰደች በየትኛው ጎን፣ ስንት ጊዜና መቼ እንዳለቀ። የሌላኛው ጡት ማሞግራም ወይም አልትራሳውንድ፣ ፊልሙ ራሱ እንጂ ጽሑፉ ብቻ አይደለም። የምትውጣቸው መድኃኒቶች በሙሉ። ስኳር፣ ግፊት፣ ክብደት። ጠባሳዋ ኬሎይድ (ከቁስሉ አልፎ የሚያብጥ ጠባሳ) የመሆን ልማድ ካለው ይጻፍ፤ በጆሮዋ ቀዳዳ ወይም በክትባት ቦታዋ ላይ ይታያል። በመጨረሻ በራሷ አነጋገር የምትፈልገው ምን እንደሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር፦ «ትከሻዬን ያመኛል»፣ «ድሪያ መልበስ እፈልጋለሁ»፣ የትኛውም ይሁን።

ከመሄዷ በፊትም የቤቱን ነገር አስተካክሉ። ከቀዶው በኋላ ለ6 ሳምንት ቀንና ሌሊት ሽቦ የሌለው ደጋፊ ማስያዣ ትለብሳለች፤ 20 ሊትር ጀሪካን አታነሣም፣ ምጣድ ላይ አትጎነበስም፣ ልጅ በጀርባዋ አታዝልም። ውሃ የሚቀዳላት ሰው ስም ከታወቀ በኋላ ቀጠሮ ይያዝ። ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ አዲስ ማሞግራም ትነሣለች፤ ከዚያ በኋላ የሚነሡት ሁሉ የሚነጻጸሩት ከእሱ ጋር ስለሆነ ፊልሙ ከእሷ ዘንድ ይቀመጥ።

#16 ሰፊ_መኪና_ግርግር (ሐረር)

ዶክተር ያሉትን ደጋፊ ማስያዣ ከፊት የሚከፈት አድርገን እንሰፋለን፤ ክንድ ወደ ኋላ ሳይታጠፍ ይዘጋል። ሴትየዋ ከመሄዷ በፊት ከጡት ሥር ያለውን የደረት ዙሪያ በሳንቲ ሜትር ለክታችሁ ላኩልኝ። ሁለት ይሰፋ፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱን ትለብሳለች።